ከኪዮቶ ሁለት ሌሊት ለምን ቀነስን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በኅዳሩ የጃፓን ጉዟችን ከኪዮቶ ሁለት ሌሊት ቀንሰን ካሚካትሱ ለምትባል የገበሬ ከተማ መስጠታችንን ካሳወቅን ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ከሁሉም ያሳቁን አንዲት እናት ናቸው፦ «ልጄ፣ ተራራና ገበሬ ለማየት ጃፓን ድረስ ምን አስኬደኝ? መንዝ አለልኝ አይደል!» እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ ምክንያታችንን ማስረዳት ይገባናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካሚካትሱ በሺኮኩ ደሴት፣ በቶኩሺማ ግዛት ውስጥ ናት። ከተማ መባሏ ለአስተዳደር ነው እንጂ ነገሩ በተዳፋት ላይ የተበተኑ ትንንሽ መንደሮች ስብስብ ነው፤ አብዛኛው መሬቷም ደን ነው። በ1955 ሁለት የገጠር ቀበሌዎች ተዋህደው ሲመሠርቷት ከ6,000 በላይ ነዋሪ ነበራት። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወረደ፣ ሽማግሌው ቀረ። ዛሬ የቀሩት 1,400 ገደማ ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሉ ከ65 ዓመት በላይ ናቸው።

ድሮ የምትኖረው በመንደሪንና በእንጨት ነበር። በ1981 የጣለው ውርጭ የመንደሪኑን ዛፍ ፈጀው። በዚያን ጊዜ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሠራተኛ የነበረው ቶሞጂ ዮኮይሺ አንድ ቀን ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ከጎኑ ያሉ ወጣት ሴቶች ሳህናቸው ላይ ለጌጥ የተቀመጠውን ቀይ የሜፕል ቅጠል እያደነቁ በመሐረብ ጠቅልለው ሲይዙ አየ። ጫካው ሙሉ ቅጠል ነውና ሐሳቡን ይዞ ወደ ከተማዋ ተመለሰ። ገበሬዎቹ ቅጠል ገንዘብ የሚሆነው በተረት ነው ብለው አልተቀበሉትም። በ1986 ከአራት ሴቶች ጋር ጀመረ፤ ዛሬ ከካሚካትሱ የሚወጣው ቅጠል ከ300 ዓይነት በላይ ሆኗል። ዳቦ በኮባ ለሚደፋ ሕዝብ ቅጠልና ምግብ አብሮ መዋሉ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እነሱ ቅጠሉን በደረሰኝ መሸጣቸው ነው።

ባለፈው ጉዞ ሰማንያን ያለፉ አንዲት እናት ቤት ገብተን ነበር። ጠዋት ትዕዛዙ በታብሌት ይመጣል፤ ቀድሞ የነካ ይወስዳል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አሳርፈው፣ ጣታቸውን ከስክሪኑ በላይ እንደ ጭልፊት አንዣብበው ጠበቁ፤ ነኩት፤ ወሰዱት። ከዚያ መቀሳቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። እያንዳንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን አንስተው ያያሉ፤ ነቁጥ ያለበትን ይጥላሉ፤ መጠኑ እኩል የሆነውን መርጠው በነጭ ማሸጊያ ላይ ይደረድራሉ። እኔም ላግዝ ብዬ አንድ ማሸጊያ ሞላሁ። ፈገግ ብለው፣ አመስግነው ተቀበሉኝ፤ ፊቴን ሳዞር አፍርሰው እንደገና ደረደሩት።

ሁለተኛው ነገር ቆሻሻ ነው። እስከ 1990ዎቹ መገባደጃ ድረስ ሜዳ ላይ ያቃጥሉት ነበር። ከዚያ የገዟቸው ሁለት ትንንሽ ማቃጠያዎች ደግሞ ዳይኦክሲን በሚባለው የጭስ መርዝ ላይ የወጣው ሕግ ሲጠብቅ ተዘጉ። ሌላ ለማሠራት አቅም ስላልነበራቸው ወደ መለየት ዞሩ፤ በ2003 ከጃፓን ከተሞች ቀድመው እስከ 2020 ከቆሻሻ ነፃ እንሆናለን ብለው አወጁ። የቆሻሻ መኪና የለም፤ የወጥ ቤት ትራፊው እዚያው በየቤቱ ብስባሽ ይሆናል፤ ሌላውን እያንዳንዱ ሰው አጥቦ፣ አድርቆ፣ ራሱ ተሸክሞ ወደ መለያ ማዕከሉ ይወስደውና ከ40 በላይ በሆነ ዓይነት ይለየዋል። በየሳጥኑ ላይ ዕቃው የት እንደሚሄድና በኪሎ ስንት እንደሚያስወጣ ወይም እንደሚያስገባ ተጽፏል። «ቁራሌው!» ሲባል ከቤት አሮጌ ጫማ ይዘን ለምንወጣ ለእኛ ይህ ቅንጦት ይመስላል። 80 በመቶ የሚሆነው ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል። የቀረው፣ ለምሳሌ የሕፃናት ዳይፐርና የቆዳ ጫማ፣ እምቢ ብሏቸዋል፤ አልደረስንበትም ብለውም ይናገራሉ። እኔ ከአዋጁ ይልቅ ይህን ወደድኩላቸው።

የመለያ ማዕከሉ ከላይ ሲታይ በጥያቄ ምልክት ቅርጽ የተሠራ ነው፤ ወደ 700 የሚሆኑት መስኮቶቹ ነዋሪዎች ከየቤታቸው ያመጧቸው ናቸው። እዚያው ባለው ባለ አራት ክፍል ሆቴል ከእናንተ ከፊሎቻችሁ ታድራላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ገበሬ ቤት ናችሁ። በሆቴሉ ሳሙና ሲሰጧችሁ የሚበቃችሁን ያህል ቆርጣችሁ ነው የምትወስዱት። ስትወጡ የራሳችሁን ቆሻሻ ራሳችሁ ትለያላችሁ። ባለፈው የሻይ ከረጢት ከነክሩ በአንድ ሳጥን ጥዬ አንዲት አዛውንት አውጥተው ክሩን ለይተው አሳይተውኛል፤ ሳይቆጡ፣ ግን ሁለት ጊዜ።

ስለ ሻይ ካነሳን፣ አዋ ባንቻ የሚባለውን ቅመሱ። ቅጠሉ በሐምሌ ሙቀት ይለቀማል፣ ይቀቀላል፣ በበርሜል ተጠቅጥቆ ድንጋይ ይጫንበታል፣ ሲኮመጥጥ ፀሐይ ይሰጣል። የአሠራሩ ጥበብ በ2021 በአገር ደረጃ በቅርስነት ተመዝግቧል። የመጀመሪያው ፉት ያስፈራል፤ የሊጥ እርሾ የሚወድ ሰው ግን ሁለተኛ ኩባያ ይጠይቃል። አሠራሩን በኅዳር አናይም። እዚያው ያለው የካሺሃራ የሩዝ እርከንም በዚያ ወቅት ታጭዶ ገለባ ብቻ ነው፤ ኮንሶን ያየ ሰው ግን በገለባውም ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል።

አሁን ቅር ሊያሰኝ የሚችለውን ልናገር። ሌሊቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ምግብ ቤት በጊዜ ይዘጋል። አውቶቡስ ጥቂት ስለሆነ መኪና ተከራይተናል። ዳገቱ ለጉልበት ሕመምተኛ ይከብዳል። ይህን አንብቦ ኪዮቶ መቆየት የመረጠ ደንበኛ እስከ መስከረም መጨረሻ ይንገረን፤ ሁለቱን ሌሊት እዚያው እናሳድረዋለን፣ ክፍያውም አይለወጥም። የመንዟ እናታችን እስካሁን አልወሰኑም።

ለሚመጡት፦ ጎማው የማያንሸራትት ጫማና ለማታ ወፍራም ሹራብ ያዙ። ፌስታል አታብዙ፤ ይዛችሁ የገባችሁትን እያንዳንዱን ራሳችሁ ናችሁ የምትለዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ