ቦሎዋን አይተን ገዛናት፦ ለተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በክልላችን የተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች
ከደሴ

ጉዳዩ፦ ያገለገለ መኪና ስም ከመዛወሩ በፊት ገዢው የመኪናውን የምርመራ መዝገብ እንዲያይ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው ለክስ አይደለም። የሻጩን፣ የደላላውን፣ መኪናዋን መርምሮ ያሳለፈውን ተቋምም ስም አላነሳም። የምጽፈው በእናንተ እጅ ያለ አንድ ነገር ስላለ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲስ ሕንፃም አይፈልግም።

ታናሽ እህቴ ስምንት ዓመት ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። ወሎ ውስጥ እንዲህ ዓይነት እህት ወይም ልጅ የሌለው ሰፈር የለም። ስለዚህ ያ ገንዘብ እንዴት እንደሚጠራቀም ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ሸቀጡን ከኮምቦልቻና ከባቲ ታመጣለች። የጭነት ኪራዩ ትርፏን ሲበላባት ጊዜ "ወንድሜ፣ አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ፤ ለምን የራሳችንን አንገዛም?" አለችኝ። ስንፈልግ ከርመን አንድ ሂሉክስ ፒክአፕ አገኘን። ዕድሜዋ ከ30 ዓመት በላይ ነው። 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ተከፈለባት።

አሮጌ መሆኗን አውቀን ነው የገዛናት። እንደኛ ላለ ሰው ሌላ ምርጫ የለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ፖሊሲው የራሱ ምክንያት አለው፤ እሱን አልሟገትም። ግን ውጤቱን እናንተም ታዩታላችሁ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እየተጠገነ፣ እየተቀባ፣ እየተሸጠ ይኖራል። ገና ብዙ ዓመት አብሮን አለ።

መኪናዋን ያየናት ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የደሴን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ኮፋኖውን ስዳስሰው ግን ሞቋል። "ለእናንተ ብለን አሙቀን ጠበቅናችሁ" አለ ደላላው። ደስ አለኝ። ዛሬ ቢሆን ከዚያው እመለስ ነበር። ሞተር ሕመሙን የሚናገረው አድሮ ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው፤ እኛ ስንደርስ ያ ሰዓት አልፏል። "አብሽር ወንድሜ፣ ሞተሯ ያልተከፈተ ነው። ምንም አይወጣባትም፤ ገብተህ መንዳት ብቻ" አለኝ። ጌጁ 142 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጎማ አዲስ ነው። ፒያሳን አንድ ጊዜ ዞርንባት። ምንም ድምፅ የላትም። መስታወቷ ላይ ምርመራ ማለፏን የሚያሳየው የዓመቱ ቦሎ ተለጥፏል።

እህቴ ቦሎውን በጣቷ እየነካች "ይኸው መንግሥት አይቷታል" አለች። እኔም ከዚያ በኋላ ብዙ አልጠየቅኩም።

ለስም ዝውውር ስንሄድ የሻንሲዋ (መኪናዋን የተሸከመው የሥር ብረት) ቁጥርና የሞተር ቁጥሯ ከሊብሬው ጋር ተመሳከረ። ልክ ሆነ። የሚከፈለው ተከፈለ፤ ሊብሬው በእህቴ ስም ወጣ። ማታ ቤት ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቦ ዱዓ አደረገልን፣ መረቀን።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ለባቲ ገበያ ማልደን ተነሳን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። ያን ልዩነት ሐረጎ ላይ በጥምዝምዝ ነው የምንወርደው። መሃል ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ባዶ ነው። ከፊቴ የጫነ ሲኖትራክ ቀስ እያለ ይወርዳል። ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ አወረድኩ። ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። የፊት ጎማዋን በተራራው በኩል ካለው ቦይ ውስጥ ከትቼ አቆምኳት። እህቴ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ከቆምን በኋላ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኩላት እኔ ነኝ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመለሰ። ወደ ታች መቀጠል ግን አልደፈርንም። ዞረን ወደ ደሴ መውጣት ጀመርን። ምንም አልጫነችም። እንዲያም ሆኖ አናቱ ላይ ሳንደርስ የሙቀት መለኪያው ቀይ ውስጥ ገባ።

ጋራዥ ስናስገባት አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ አዩልን። መጀመሪያ ፍሬኑን ፈቱ። ከኋላ አክሰል የሚወጣ ዘይት ሸራውን አርሶታል። የፍሬን ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት በቆየ ቁጥር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥርና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ቀጥሎ የሞተር ዘይቱን አወጡት። ሞተሩ እንዳይጮህ ተብሎ ከሚገባው በላይ ወፍራም ዘይት ተሞልቷል። "ያልተከፈተ" የተባለው ሞተር የቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ብሎኖች ጠርዛቸው በቁልፍ ተበልቷል። ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ስለሚያሳልፍ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃው አረፋ ይሠራል። ጌጁ ላይ ደግሞ አሃዞቹ በአንድ መስመር አልቆሙም፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሏል። በእጅ የተመለሰ ጌጅ እንዲህ እንደሚሆን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። አዲሶቹ የፔዳል ጎማዎችም ለምን እንደተቀየሩ ያኔ ገባኝ። የተበላ ፔዳል 142 ሺህ የሚለውን ጌጅ ውሸታም ያደርገዋል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ከሥር ያለው ነው። "ና ውረድ ልጄ፣ ራስህ እየው" አሉኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። መብራቱን እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው በካቻቪቴ ጫፍ ሻንሲውን ፋቅ አደረጉት። ጥቁሩ ቀለም እንደ ቅርፊት ተነሳ። ከካቢኑ ጀርባ አንድ ስንዝር የሚሆን ብየዳ ብቅ አለ፤ ልክ በክር እንደተሰፋ ቁስል። በጎኑ ሌላ ቀጭን መስመር ተሰንጥቋል። "ይቺ ተጣማ የቀናች ናት። ይኼኛው ስንጥቅ አዲስ ነው። ባቲ ደርሳችሁ ጭናችሁ ብትመለሱ ኖሮ..." አሉና ንግግራቸውን ሳይጨርሱ መብራቱን ከእጄ ወሰዱት።

ኃላፊዎች ሆይ፣ ስም ዝውውሩ ላይ የሻንሲው ቁጥር ታይቷል። ቁጥሩ የተመታበትን ብረት ግን ማንም አላየም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። አዋጁ ጥሩ ነው። ሰው ቦሎን የሚያየው ግን እንደ ቅጣት ማምለጫ ብቻ አይደለም። እንደ እህቴ ያለች ገዢ ቦሎ ስታይ የመንግሥትን ቃል እያየች ነው። ከወገል ጤና ወይም ከመካነ ሰላም ገንዘቡን በወገቡ አስሮ ደሴ የሚወርድ ገበሬም እንደዚያው ነው። የሚያምነው ደላላውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው።

"መካኒክ ይዞ አይሄድም ወይ?" የሚል ይኖራል። ይዘን ሄደናል። ጎበዝ ልጅ ነው። መንገድ ዳር፣ ሃያ ደቂቃ፣ ደላላው "ሌላ ገዢ እየመጣ ነው" እያለ ሲያጣድፈው ምን ያይ? የተቀባ ሻንሲ ሥር ለመግባት ጉድጓድ ያስፈልጋል። ፍሬን ለመለካት መሣሪያ ያስፈልጋል። ሁለቱም ያሉት ምርመራ ቦታ ነው።

"ክሰሱ" ያሉንም አሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ለገዢው ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ውላችን ላይ "መኪናውን አሁን ባለበት ሁኔታ አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ" የሚል መስመር አለ፤ ሁሉም የመኪና ውል ላይ አለ። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ይህ መስመር አያድነውም፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል። ግን ማወቁን በምን እናስረዳ? ሻጩ እኔም እንደዚያው ነው የገዛኋት ይላል። ምናልባት እውነቱን ነው። ከእሱ በፊት ስንት ሰው እጅ እንዳለፈች፣ ጌጁ መቼ እንደተመለሰ፣ መቼ እንደተጋጨች የሚናገር ወረቀት በእጃችን የለም።

የምጠይቃችሁ ይህንኑ ወረቀት ነው። በየዓመቱ ምርመራ የጌጁ ንባብ ይመዝገብ፤ ከሻንሲ፣ ከፍሬንና ከመሪ የተገኘው ጉድለትም አብሮ ይጻፍ። አሁንም የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ መዝገብ ቤት አይቅር። ስም ከመዛወሩ በፊት፣ ገዢው ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት፣ የዓመታቱ ንባብ በአንድ ገጽ ታትሞ ይሰጠው። ዓምና 310 ሺህ የነበረች መኪና ዘንድሮ 142 ሺህ ካለች ያቺ አንዲት ገጽ ትናገራለች። ገዢው ከዚያም በኋላ እገዛለሁ ካለ ይግዛ፤ አውቆ ነው።

ይህ ሌላ አገር ተሠርቶበታል። ቤልጂየም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው የኪሎ ሜትር ታሪኩን የያዘ ሰነድ ለገዢው እንዲሰጥ በሕግ ታስገድዳለች። እንግሊዝ ውስጥ ማንም ሰው የሰሌዳ ቁጥር አስገብቶ መኪናው በየዓመቱ ምርመራ አልፎ እንደነበር፣ በምን እንደወደቀና ጌጁ ስንት እንዳነበበ በነፃ ያያል። እኛ ኮምፒውተሩ እስኪሟላ መጠበቅ የለብንም። እስክሪብቶና ማኅተም ይበቃል።

ሁለተኛ ጥያቄዬ አጭር ነው። ስም በሚዛወርበት ቀን ከቁጥሩ ጋር ሥሯም ይታይ። ጉድጓድ ላይ ትቁም፤ ፍሬኗ ይለካ። ክፍያ ቢጨመርበት እንኳ ገዢ ቅር አይለውም። እኛ እስካሁን ለጥገና ያወጣነው 186 ሺህ ብር ነው፤ ሻንሲው ገና አልተነካም።

መርማሪዎቻችሁ ሁሉ ግዴለሾች ናቸው ማለቴ አይደለም። ሰልፉን አይቻለሁ። በቀን ያ ሁሉ መኪና ሲመጣ አንዱን ጎንበስ ብሎ ማየት ከባድ ነው። ለዚህም ነው ደብዳቤዬን ለእነሱ ሳይሆን ለእናንተ የጻፍኩት። ቅጹን የምትቀይሩት እናንተ ናችሁ።

መኪናዋ አሁን ደሴ ጋራዥ ውስጥ ቆማለች። "ሽጣትና ተገላገል" የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ገዢም አምጥተውልናል፤ አንድ ከኩታበር የመጣ አባት ነበር። እህቴ ጉድጓዱ ድረስ ይዛው ወርዳ ብየዳውን አሳየችው። አመስግኖን ሄደ። የሥራ ባልደረባችሁን ብትልኩ ለእሱም ታሳየዋለች። ቀለሙን መልሰን አልቀባነውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ