ከሆቴል ለምን ቀደም ብለን እንደምንወስዳችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። «አየር ማረፊያው ቅርብ አይደል እንዴ? ለምን በጊዜ ታስወጡናላችሁ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። የገና በዓል ሳይደርስ ምክንያቱን እንንገራችሁ።

የላሊበላ አየር ማረፊያ ከተማው ውስጥ አይደለም። ሹምሽሃ ሜዳው ላይ ነው፤ ከከተማው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሜዳው ከባህር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ሲሆን ከተማው ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ መንገዱ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው። በአዘቦት ቀን 40 ደቂቃ ይበቃናል። በገና ሰሞን ግን ነጠላ የለበሰው ምዕመን መንገዱን ሞልቶ ነው የሚሄደው። ስንት ቀን በእግሩ የመጣ ሰው፣ አዛውንቱ በመቋሚያ፣ እናት ልጇን አዝላ። በእነሱ ላይ ጡሩምባ አንነፋም። ቀስ ብለን ከኋላ እንከተላለን። ሹፌሮቻችንን በዚህ እንዳትቆጧቸው አደራ።

ከሁሉም በላይ ግን የሰዓቱ ነገር ነው። አምና አንዲት ከውጭ የመጡ እናት የመመለሻ ሰዓታቸውን በስልክ ነገሩን። «አሥር ሰዓት ከአርባ» አሉን፤ እኛም ከሰዓት በኋላ ነው ብለን ያዝነው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ ለካ ከጠዋቱ 4፡40 ኖሯል! ሹፌራችን ሆቴል ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል። እናታችን ሻንጣቸው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ትኬቱን አሳዩን ማለት ነበረብን።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት በቃል አንቀበልም። የትኬቱን ፎቶ በቴሌግራም ላኩልን። እኛ ወደ ሀገራችን ሰዓት ቀይረን፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን ጨምረን መልሰን እንጽፍላችኋለን። ለመመለሻ በረራ ከሆቴል የምንወስዳችሁ በአዘቦት ቀን አውሮፕላኑ ከመነሳቱ 2 ሰዓት ተኩል ቀደም ብለን፣ በገና ሰሞን ደግሞ 3 ሰዓት ተኩል ቀደም ብለን ነው።

ስትመጡ በረራው ቢዘገይም ሹፌሩ ጥሏችሁ አይሄድም፤ ለመጠበቂያ ተጨማሪ ሂሳብ የለም። ስማችሁን በአማርኛ የጻፈበትን ወረቀት ይዞ መውጫው በር ላይ ታገኙታላችሁ። አቅመ ደካማ ወላጅ ይዛችሁ የምትመጡ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ መግቢያው ዝቅ ያለ መኪና እንመድባለን።

በሰላም ያገናኘን።

ከላሊበላ፣ የአየር ማረፊያ ትራንስፖርት አገልግሎታችሁ