ፍሬት የሚለካው ከጎረቤቱ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጊታር በቤት ለመሥራት ስለሚያስፈልጉ መሣሪያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ዝርዝሩ ረዘመ። ጀማሪ ያን ሁሉ ልግዛ ካለ እንጨቱን ሳይነካ ኪሱ ይራቆታል። አንዲት ስህተትም አለች፤ እመለስባታለሁ።

አናጢ አይደለሁም። ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ፣ ሦስት ጊታር ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያምራል፤ አይጫወቱበትም እንጂ። የፍሬቶቹን፣ አንገቱ ላይ አግድም የሚተከሉትን የብረት መስመሮች ማለቴ ነው፣ ቦይ የቆረጥኩት ቤት ባገኘሁት ሴጌቶ ነበር። የፍሬት ሽቦ ከሥሩ ቀጭን እግር አለው፤ እግሩ ላይ ያሉት ትንንሽ ጉጦች እንጨቱን ነክሰው የሚይዙት ቦዩ ከ0.6 ሚሊ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ነው። የሴጌቶ ጥርስ ግራና ቀኝ ስለሚዘረጋ የእኔ ቦይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ። ፍሬቶቹ በጣት ሲጫኑ ሰተት ብለው ገቡ። እኔ ደግሞ ሞኝ፣ ደስ አለኝ! በሳምንቱ ጫፍ ጫፋቸው ብድግ ብድግ አለ። ሱፐር ግሉ አፈሰስኩበት፤ የተረፈኝ የተጣበቀ ጣት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ የምትገዙ ከሆነ ለፍሬት የተሠራ ቀጭን መጋዝ ግዙ።

አንገቱን ለመቅረጽ ብዙ አያስፈልግም። ሻካራ የእንጨት ሞረድ፣ ባለ ሁለት እጀታ መላጊያ፣ የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። እጄ ከለመደው ጊታር አንገት ላይ በካርቶን ቅርጽ ወስጄ፣ እሱን እያስጠጋሁ ነው የምሞርደው። ውስጡ የብረት ዘንግ የሚገባበት ቦይ እንዳለ ግን አትርሱ። ብዙ ከሞረዳችሁ ከኋላ በኩል ይበሳል።

መዶሻው ደግሞ ናስ ወይም ፕላስቲክ አናት ያለው ይሁን። የፍሬት ሽቦ በአብዛኛው ኒኬል ሲልቨር ከሚባለው ነው የሚሠራው፤ ስሙ ነው እንጂ ብር የለበትም፣ መዳብና ኒኬል ዚንክ ተጨምሮበት ነው። የብረት መዶሻ ያሰረጉደዋል። ሽቦውን ፍሬቶቹ ከሚተከሉበት ሰሌዳ ጉብታ ትንሽ አብልጣችሁ አጉብጡት፤ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች፣ ከዚያ መሃሉን ምቱ።

ጊታር የሚሞተውም የሚድነውም የፍሬቶቹ ከፍታ ሲስተካከል ነው። ለዚህ የሚሸጠው ረጅም ማስተካከያ ውድ ስለሆነብኝ በአሮጌ አልሙኒየም ውሃ ልክ ተካሁት። ቀጥ ማለቱን አረጋግጬ ሆዱ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለጠፍኩ። መጀመሪያ ዘንጉን አጥብቄም አላልቼም አንገቱን ቀጥ አደርጋለሁ። ከዚያ የእያንዳንዱን ፍሬት አናት በማርከር እቀባና ውሃ ልኩን ሳልጫን ወዲያና ወዲህ እለዋለሁ። ቀለሙ ያልተነካው ፍሬት ዝቅ ያለው ነው። ሁሉም ላይ ቀለሙ ሲጠፋ አቆማለሁ፤ አንድ ምት አልጨምርም። አናታቸው ጠፍጣፋ ስለሚሆን መልሶ የሚያከብበው ጎድጓዳ ሞረድ ግን ምትክ የለውም። ሁለተኛው ግዢያችሁ እሱ ይሁን። በሦስት ማዕዘን ሞረድ ሞክሬ ነበር፤ ፍሬቱንም ሰሌዳውንም ቧጨርኩት።

ከፍ ያለውን ፍሬት ለማግኘት ደግሞ አሮጌ የብረት ማስመሪያ ቆርጡ። ቁራጩን ሦስት ፍሬት ላይ አሳርፉት፤ ቀጭ ቀጭ እያለ ከተወዛወዘ መሃለኛው ከፍ ብሏል። ፍሬቶቹ ወደ ታች እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ አንድ ቁራጭ አይበቃም፤ እኔ አራት አለኝ።

አሁን ወደ ስህተቷ። «እያንዳንዱን ፍሬት ከቀደመው ፍሬት ለኩ» ብላችኋል። ኧረ በፍጹም! በሁለተኛው ጊታሬ እንዲሁ አድርጌ ሰሌዳውን ጥያለሁ። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነበር፤ 12ኛው ፍሬት ልክ ግማሹ ላይ፣ 324 ላይ መዋል ነበረበት። በየፍሬቱ ሩብ ሚሊ ሜትር እያለፍኩ 327 ላይ አረፈ። የሚቀጥለውን ፍሬት ርቀት ለማግኘት ቀሪውን የክር ርዝመት በ17.817 እያካፈሉ ማስላት ትክክል ነው። ሰሌዳው ላይ ምልክት ሲደረግ ግን ርቀቶቹ ተደምረው፣ ማስመሪያው ሳይነሳ፣ ሁሉም ከአንድ መነሻ ይለካሉ፤ ክሮቹ ከአንገቱ አናት ከሚያርፉባት ቁራጭ ማለት ነው። ለ648ቱ የመጀመሪያው ፍሬት 36.4 ላይ ይውላል።

ጽሑፋችሁን አንብቦ መጋዝ ያነሳ ሰው ይኖራልና እርማቷን በሚቀጥለው እትም ብታወጡለት።

አንባቢያችሁ