ማሙሽ ወሬ ጀመረልሽ

ውዴ፣ እንዴት ከረምሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼብሽ አሁን ብቅ ስል ብትቀየሚኝ እውነትሽን ነው። ብቻ ትናንት ማታ ማሙሽ ያወራውን ለማን ልንገር ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ።

መጨረሻ ስንገናኝ የሱ ነገር አስጨንቆኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሞልቶት «አዎ»፣ «አይ»፣ «እንጃ» ብቻ። እኔ ደግሞ ቃላት ደብተር ላይ እየጻፍኩ አስጠናዋለሁ። ጭራሽ ዘጋኝ።

አንድ ቅዳሜ ዓሣ ልንገዛ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ወረድን። ጀልባዎቹን ትክ ብሎ አይቶ «ይሄ ለምንድነው የማይሰምጠው?» አለኝ። እኔም ቤት ስንገባ ስለ ቫሳ ነገርኩት። የስዊድን የጦር መርከብ ነው፤ በፈረንጆቹ 1628፣ እኛ ጋ ዐፄ ሱስንዮስ ነግሠው ሳለ፣ 64 መድፍ ጭኖ ከስቶክሆልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ገና 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደ ነፋስ አዘነበለውና በመድፍ መስኮቶቹ ውሃ ገብቶ ሰመጠ። ከላይ ከብዶ ነበር። ከጉዞው በፊት እኮ 30 ሰዎችን ከዳር ዳር እያሯሯጡ ፈትነውት፣ ሊገለበጥ ሲል አስቁመዋቸዋል!

ማሙሽ ብድግ አለ። «ካወቁ ለምን ላኩት?»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። ሃይላንድ ለሁለት ሰንጥቀን ሳፋ ውስጥ አንሳፈፍን። ጠጠሩን ከሥር ስናደርገው ቀጥ ይላል፣ ከላይ ስንቆልለው ይገለበጣል። «ዘነበለ!» ሲለኝ አላረምኩትም፣ «አዎ፣ አዘነበለ» ብቻ አልኩት። ቀጥሎ ራሱ አስተካክሎ አለው። ለካ ልጁ ቃል አልጎደለውም፣ የሚያወራው ነገር ነው ያጣው። አሁን «ሚዛን» እና «ወደብ» ከአፉ አይጠፉም፣ ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን «ምክንያቱም» ማለት መጀመሩ ነው።

ትናንት ለአያቱ ስልክ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከላት። መርከቡን ከ333 ዓመት በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1961፣ ከባሕር እንዳወጡት ሳይቀር። እሷ «ሰዎቹስ ልጄ?» ስትለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «30 ያህል ሰው ሞቷል እማማ» አላት። እኔ ማጀት ቆሜ አለቀስኩ።

እሁድ ደውዪልኝ በናትሽ። ስልኩን ለሱ ነው የምሰጠው፣ ጊዜ ይዘሽ ደውዪ።