ሁለት «ኢሊየም» በአንድ አጻጻፍ፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለማሳጅ ሠልጣኞች የአካልና የሕክምና ቃላት መፍቻ እንዲዘጋጅና ምዘናው ውስጥ እንዲገባ ስለመጠየቅ

በከተማዋ ዳር፣ በአያት፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞና በቃሊቲ የማሳጅ ሙያ የምናሠለጥን ባለሙያዎች ነን። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍነው ጉዳዩ ገላውን ለሠልጣኝ እጅ የሚሰጠውን ሰው ሁሉ ስለሚመለከት ነው።

በሠልጣኞች እጅ የሚዞረው ማስታወሻ የአካል ስሞችን ከእንግሊዝኛ በድምፃቸው ብቻ ወደ ፊደላችን የገለበጠ ነው። ድምፁም ቢሆን ሳይሸራረፍ አይመጣም። «ኢሊየም» የሚለውን እንመልከት። በላቲን ፊደል በአንድ አናባቢ የሚለያዩ ሁለት ቃላት አሉ፤ አንዱ የዳሌ አጥንት ላይኛው ክፍል ነው፣ ሌላው የቀጭን አንጀት መጨረሻ። በእኛ ፊደል ሲገለበጡ ልዩነታቸው ጠፍቶ አንድ ቃል ይሆናሉ። አጥንቱ ዳር ላይ ጫን ማለትና ሆድ ላይ ጫን ማለት ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም።

«ፔሮኒያል» እና «ፔሪኒያል» የባሱ ናቸው። የመጀመሪያው ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል፣ ከቅልጥም ጎን ባለው ቀጭን አጥንት አንገት ላይ የሚዞረውን ነርቭ ይመለከታል። ነርቩ እዚያ ቦታ ላይ ከቆዳው ሥር ሆኖ አጥንቱን ተደግፎ ያልፋል። በክርን ጠንክሮና ቆይቶ ከተጫኑት ሊጎዳ ይችላል፤ ሰውየውም እግሩን ቀና ማድረግ አቅቶት ሲራመድ ጣቶቹን መሬት ላይ ይጎትታል። ሁለተኛው ቃል በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ቦታ ይመለከታል፤ ይህ የማሳጅ ባለሙያ እጅ ሊደርስበት የማይገባ ስፍራ ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው «ሮ» እና «ሪ» ብቻ ነው። «አብዳክሽን» እና «አዳክሽን»ም በአፍ ሲነገሩ እየተምታቱ ሠልጣኙ ክንድን ከጎን ማራቅ ሲገባው ያስጠጋል። «ማራቅ» እና «ማስጠጋት» የሚሉ ቃላት እያሉን!

አማርኛውም የራሱ ችግር አለው፤ የዕለት ተዕለት ቃላቱ ሰፊ ናቸው። «እግሬን ያመኛል» ያለ ደንበኛ ከዳሌው እስከ ጣቱ የትኛውንም ሊል ይችላል። «ጅማት» ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም ይጠራል፤ አንዳንዱማ ደም ሥርንና ነርቭንም ጨምሮ «ሥሬ ዞረ» ይላል። እኛ ሁለቱን «የጡንቻ ጅማት» እና «የአጥንት ጅማት» ብለን እንለያለን፤ የተሻለ ካለ እንቀበላለን። ወጌሾቻችን ግን ስብራትን፣ ውልቃትንና ወለምታን ከጥንት ጀምሮ በየስማቸው ሲጠሩ ኖረዋል። መፍቻው ሲዘጋጅ እነሱ ካልተጠየቁ ትልቅ ሀብት ይቀራል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን የሕመም ቃላት ናቸው። መደንዘዝ፣ መጠዝጠዝ፣ ውጋትና ማቃጠል አንድ ዓይነት ስሜት አይደሉም። ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫ በኩል ከጉልበት በታች የሚወርድ መደንዘዝና ማቃጠል ነርቭ መነካቱን ሊጠቁም ይችላል፤ «ጡንቻው ስለተሳሰረ ነው» ብሎ አጥብቆ ማሸት ሊያባብሰው ይችላል። የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና ሲነካ የሚያም ከሆነ ውስጥ ባለው ደም መልስ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ማሸት የረጋውን ደም አላቅቆ ወደ ሳንባ ሊልከው፣ ሰውንም ሊገድል ይችላል። ሠልጣኙ እጁን አንሥቶ ደንበኛውን በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መላክ እንዳለበት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ማወቅ አለበት።

ስለዚህ የምንጠይቀው መፍቻ ለእያንዳንዱ ቃል አምስት ነገር የያዘ ይሁን፦ የላቲን ፊደል አጻጻፉን፣ አነባበቡን፣ የአማርኛ ስሙን፣ በገላ ላይ በጣት የሚገኝበትን ቦታ፣ እዚያ ቦታ ላይ የሚከለከለውን ነገር ከነምክንያቱ። ለምሳሌ በአንገት ጎን የልብ ትርታ የሚዳሰስበት ደም ቅዳ «አይጫንም» ተብሎ ብቻ አይለፍ። ግፊቱ የልብ ምትን አዘግይቶ፣ የደም ግፊትን አውርዶ ራስን ሊያስት እንደሚችል ይጻፍበት። ብብት፣ ብሽሽት፣ ቋንጃና የክርን ውስጠኛ ጎንም እንዲሁ።

የአቅጣጫ ቃላት የሚለኩት ሰውየው ቆሞ፣ ፊቱና መዳፉ ወደ ፊት ሆኖ ነው፤ በዚህ አቋም አውራ ጣት ወደ ውጭ ይሆናል። ሠልጣኙ በደረቱ የተኛን ሰው እያየ በራሱ ግራና ቀኝ ከለካ ሊሳሳት ይችላል፤ ግራ ማለት የደንበኛው ግራ ነው። አከርካሪም በቁጥር ይያዝ፦ 7 የአንገት፣ 12 የደረት፣ 5 የወገብ። አንገት ሲጎነበስ ጎልቶ የሚወጣው ብዙ ጊዜ 7ኛው የአንገት ነው። የትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት የታችኛው ጫፍ በ7ኛው የደረት፣ የዳሌ አጥንት ከፍተኛው ዳር ደግሞ በ4ኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ይገኛሉ። ሁሉም በጣት የሚዳሰሱ ስለሆኑ ለመለማመድ ውድ ሞዴል አያስፈልግም።

የምዘናው ጉዳይ አጭር ነው። በምርጫ ጥያቄ «ኢሊየም»ን በትክክል ያከበበ ሠልጣኝ የትኛውን እንዳሰበ መዛኙ አያውቅም። ፈቃደኛ ሰው ተኝቶ ተመዛኙ የተጠየቀውን ቦታ በሚታጠብ ቀለም ምልክት ያድርግ። መዛኙም የደንበኛን አቤቱታ በአማርኛ ይንገረው፤ ተመዛኙ «እሠራለሁ»፣ «ቦታውን ትቼ እሠራለሁ» ወይም «ወደ ጤና ጣቢያ እልካለሁ» ብሎ ምክንያቱን ያስረዳ።

የለየናቸውን ቃላት ይዘን፣ ከፊዚዮቴራፒና ከቋንቋ ባለሙያዎች ጋር ለመሥራት ዝግጁ ነን። ረቂቃችንን የሚረከበን የሥራ ክፍል እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
በከተማዋ ዳር የምንሠራ የማሳጅ ሙያ አሠልጣኞች