ቡድን ሀ፣ ቡድን ለ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

የክበብ ዘገባ አጻጻፉ የታወቀ ነው። «ክበባችን በዓመቱ ውስጥ የተለያዩ አመርቂ ተግባራትን አከናውኗል» ተብሎ ይጀመርና ከአንድ እስከ አስር ይዘረዘራል። እሱን ወረቀት ለምክትል ርዕሰ መምህር አስገብቻለሁ። ማየት የሚፈልግ ፋይሉን ማገላበጥ ነው። እዚህ መጽሔት ላይ ግን ስለ አንድ ዝግጅት ብቻ ላውራችሁ። ሌላው እንደ ወትሮው ነበር። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና ተነቧል፣ የዓድዋ ዕለት ግጥም ቀርቧል፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩንም አስራ አንደኛ ክፍሎች ወስደውታል። አምፕሊፋየሩ ጥር ላይ ተቃጥሎ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ በሜጋፎን ነው የከረምነው።

ዝግጅቱ «ከዘጠኝ እስከ አስራ ሁለት» ይባላል። ሐሳቡን ያመጣችው የክበቡ ጸሐፊ ናት፣ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። «ቲቸር፣ አስራ ሁለቶች እኮ ሊሄዱ ነው። ለምን አናናግራቸውም?» አለችኝ። አንድ ተመራቂ ስለ አራት ዓመቱ ያወራል፣ እኛ እንቀዳለን፣ አርብ በረፍት ሰዓት በሞንታርቦ እንለቀዋለን። በቃ ይኸው ነው። ለተማሪ ስልክ ክልክል ስለሆነ የሚቀዳው በኔ ስልክ ነው። የሚኒ ሚዲያ ክፍላችን ከስፖርት ዕቃ ክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ ቅጂዎቹ ውስጥ ዱብ ዱብ የሚል ነገር ከሰማችሁ ኳስ ነው።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች አሰልቺ ነበሩ። ልጆቹ የሚያነቡት ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ትምህርት ቤታችን ሁለተኛ ቤታችን ነው፣ መምህራኖቻችን ለኛ የሚቀልጡ ሻማዎች ናቸው ይላሉ። ሻማ መባል ደስ ይላል፤ ግን የረፍት ሰዓት ሙሉ ሻማ ሲባሉ መዋል ይከብዳል። ግቢው ውስጥም የሚያዳምጥ አልነበረም። ሁሉም ሳምቡሳ ሰልፍ ላይ ነው።

ጸሐፊዋ አንድ ቀን ወረቀቱን ከልጁ እጅ ተቀበለችና ሌላ ጥያቄ ጠየቀችው። «ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ከጎንህ የተቀመጠው ማን ነበር?» ልጁ ትንሽ ዝም አለ። «ማንም» አለ።

የዚህን ባች ታሪክ ለማያውቅ አንባቢ ይህ መልስ ግር ይለው ይሆናል። እነዚህ ልጆች ስምንተኛ ክፍል እያሉ፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘጋ። ሌሎች ክፍሎች ሳይፈተኑ ሲዛወሩ እነሱ ግን ሚኒስትሪ መፈተን ስለነበረባቸው ባሉበት ቆሙ። በ2013 ትምህርት ሲከፈት ተመልሰው ከለሱ፣ ተፈተኑ፣ ከዚያ ነው ወደኛ የመጡት። ዘግይተው፣ ማስክ አድርገው መጡ። ክፍሉም ለሁለት ተከፈለ። ቡድን ሀ ዛሬ ሲማር ቡድን ለ ቤቱ ይውላል፤ ነገ በተራው። አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው አንድ ተማሪ ነበር።

እኔ ያን ዓመት አማርኛ አስተምራቸው ነበር። አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ቡድን ሀ ላይ የቀለድኩትን በማግስቱ ቡድን ለ ላይ ስደግመው ለራሴው እንኳ አያስቀኝም ነበር። ከዓይናቸው በታች ምን እንደሚመስሉ ሳላውቅ ነው ውጤት የሞላሁላቸው። ማስኩ ሲቀር «አንተ ነህ እንዴ?» ያልኩት ልጅ ብዙ ነው።

እና ከዚያ «ማንም» ከሚለው መልስ በኋላ ዝግጅቱ ነፍስ ዘራ። በተለይ አንዷ ልጅ ያወራችው የግቢው መነጋገሪያ ሆኖ ሰነበተ።

ዘጠነኛ ክፍል ስትቀመጥበት የነበረው ዴስክ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ነው። አንድ ቀን ስትመጣ ዴስኩ ላይ በቢክ እስክሪብቶ የተጀመረ የሒሳብ ጥያቄ ታገኛለች። የሌላኛው ቡድን ሰው ነው የጻፈው። አስተማሪው እስኪገባ ድረስ ጨረሰችው። በሚቀጥለው ተራዋ ስትመጣ ከሥሩ «ማይነሱን ረስተኸዋል» የሚል ተጽፏል። እሷም «ረስተሽዋል በል» ብላ ጻፈች። መልሱ «ይቅርታ እህት» ሆነ። እንዲህ እያሉ እስከ ሰኔ ዘለቁ። ጥያቄ ይቀመጣል፣ መልስ ይመጣል፣ አንዳንዴም «ዛሬ የፊዚክስ ቲቸር ተናዷል፣ ኖት ሊያይ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ይገኛል። ስም ግን አልተለዋወጡም። ክረምት ላይ ዴስኮቹ ቀለም ተቀቡ፣ ጽሑፉም አብሮ ጠፋ። (ዴስክ ላይ መጻፍ ክልክል ነው። የዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍሎች ይህን እንደ ፈቃድ እንዳትወስዱት።)

ይህ አርብ ተላለፈ። ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ አንድ የሶሻል ተማሪ የሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ቲቸር፣ ማይነሱን ያረምኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

አላመንኩትም፤ ዝና ፈልጎ ሊሆን ይችላል ብዬ። የትኛው ዴስክ ነበር ስለው ያለማመንታት መስኮቱን ቆጥሮ ነገረኝ። የፊዚክስ ቲቸሩንም ነገር እሱ ራሱ አነሳው። ሁለቱን አገናኝተን አብረን ቀዳናቸው። ሲጣራማ ጉድ መጣ። አስረኛ ክፍል አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አላወሩም። ይባስ ብሎ ሒሳብ ያርም የነበረው ሶሻል ገብቷል፤ ማይነስ የረሳችው ደግሞ ናቹራል ናት። «አንተ ነህ ያበላሸኸኝ» አለችው፤ ቅጂው ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ዝግጅቱን ሁለት ሁለት ሰው አደረግነው፣ አንድ ከቡድን ሀ፣ አንድ ከቡድን ለ። የዴስክ ተጋሪውን የሚፈልግ በዛ። ሁሉም አላገኘም፤ ያገኙትም አንዳንዶቹ «አንተ ነህ ማስቲካ ስትለጥፍ የነበርከው?» ብለው ነው የጀመሩት።

እኛ መምህራን የማናውቀውንም ነገር ሰማን። ቡድን ለ የነበሩት ልጆች ቡድን ሀ «የጎበዞች ነው» ብለው ያምኑ ነበር። አከፋፈሉ ግን በስም ዝርዝር ተራ ነው፤ የክፍል ኃላፊዋ ዝርዝሩን ከመሃል ቀጥ አድርጋ ነው የቆረጠችው። ቡድን ሀዎች ደግሞ ለዎች ቀላል ፈተና ይሰጣቸዋል ብለው ሲያሙ ኖረዋል። እነሱ አልጠየቁም፣ እኛም አልነገርናቸውም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው በሞንታርቦ ሰሙት። አንዱ ልጅ ሲሰማ «እና እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ነኝ ብዬ የተቀመጥኩት በፊደል ነው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ብዙም አልሳቅኩም።

ስለ ሌሎቹ ዓመታት ያወሩት ያን ያህል አይደለም። በ2014 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪው ለአዝመራ ስብሰባ እንዲሰማራ የተደረገበትን ጊዜ ያነሳው አንድ ልጅ ብቻ ነው። «ከጤፉ ይልቅ ጣቴን ነው ያጨድኩት» ብሎ አለፈው። አስራ አንደኛ ክፍል ሲነሳ ደግሞ የሁሉም ወሬ ቪፒኤን ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራም ተገድቦ ስለነበር ኖትና ወርክሺት የሚላላኩት ቪፒኤን እየቀያየሩ ነበር።

ስለ ማትሪክ ብዙ ያወራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ያስፈራል እኮ። አስራ አንደኛ ክፍል ሳሉ ጥር ላይ ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ሲገቡ ደግሞ 3.2 በመቶ ተባለ። ያን ሳምንት ክፍል ገብቶ ማስተማር ራሱ ከባድ ነበር። ቅጂዎቹ ላይ ግን ፈተናው የሚነሳው በቀልድ ነው። አንዷ ሒሳቡን ሠርታ መጣች። «ክፍላችን ውስጥ ሃምሳ ልጅ አለ። በዚህ ከሄደ ከኛ የሚያልፈው አንድ ተኩል ሰው ነው። ተኩሉ ማን ይሆን?» ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ አጭሩን ልጅ «ተኩል» ይሉት ጀመር። እሱም ተቀብሎታል፤ «ግማሹም ቢያልፍ ይሻላል» ይላል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር እንደሚፈተኑ ሲነገር ደግሞ አይሲቲ ክፍል ወረፋ ሆነ።

ዝግጅቱን ያልወደዱ ባልደረቦች ነበሩ። ተፈታኝ ተማሪ ማይክ ይዞ ወሬ ሲያወራ ቲቶሪያል ያመልጠዋል አሉ። አልስማማም። የአርብ ረፍት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ስላወራ የወደቀ ተማሪ አላየሁም። ከለር ደይ እና ክሬዚ ደይ የሚበሉት ጊዜ ይበልጣል፤ እሱን ማንም አይቃወምም፣ ፎቶ ስላለው።

ያላስተላለፍናቸው ቅጂዎችም አሉ። በእነዚያ ዓመታት ወላጅ ያጡ ልጆች ነበሩ፤ ተናግረው ሲጨርሱ ጸሐፊዋ ማጥፊያውን ተጭና ወደኔ አየች። በሞንታርቦ በሳምቡሳ ሰልፍ ላይ የሚለቀቅ ነገር አልነበረም። ለባለቤቶቹ ሰጥተን ከኔ ስልክ አጠፋነው።

ለከርሞው ክበቡን የአሁኗ ጸሐፊ በሰብሳቢነት ትመራለች። እሷም አስራ ሁለተኛ ክፍል ስለምትሆን ምክትል ከዘጠነኛ ወይም ከአስረኛ መገኘት አለበት። ድምፁ የሚያምር ብቻ ሳይሆን ጥያቄ መጠየቅ የሚችል ልጅ እንፈልጋለን። አምፕሊፋየሩ ተሠርቷል ቢባልም ሲሞቅ አሁንም ይጮኻል፤ ከውስጥ ገቢ አዲስ እንዲገዛልን ደብዳቤ አስገብተናል።

ተመራቂዎች፣ ቅጂዎቹ ሁሉ ሚኒ ሚዲያ ላፕቶፕ ላይ በስም ተቀምጠዋል። ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታችሁ በፊት ወይም ስትመለሱ ፍላሽ ይዛችሁ ኑና ውሰዱ። ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ግን እንዳታመጡብን፤ ባለፈው አንዱ ያመጣው የሰልፍ ዜናችንን ሙሉ በልቶታል።