ዋስ በዋጋ የሚገዛበት አገር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ሰላም ይሉዎታል።

ባለፈው በስልክ የጠየቁኝን በስልክ መመለስ አልቻልኩም። መስመሩ ይቆራረጣል። እርስዎ ደግሞ ጡረታ ቢወጡም ዳኝነቱ ከእርስዎ አልወጣም፤ "አዎ ወይም አይደለም በል" ይላሉ። "ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው ሰው እንዴት አገር ይመራል? ለመሆኑ እዚያ አገር ፍርድ አለ?" ነበር ያሉኝ። ይሄ በአንድ ቃል አይመለስም። እስቲ በደብዳቤ ልሞክረው።

ስለ ሰውየው ላስቀድም። ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2024 ኒውዮርክ ውስጥ በ34 ክሶች ጥፋተኛ ተባሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ምርጫውን አሸነፉ። ሥልጣን ሊረከቡ ዐሥር ቀን ሲቀራቸው ዳኛው ጥፋተኝነቱን አጽንቶ፣ ያለ እስርና ያለ መቀጮ አሰናበታቸው። እሳቸውም ይግባኝ ብለዋል። ሕገ መንግሥቱ ለፕሬዚዳንትነት የሚጠይቀው 35 ዓመት የሞላው፣ በትውልድ አሜሪካዊ የሆነ፣ 14 ዓመት በአገሩ የኖረ ሰው ነው። በዚህ መስፈርት ውስጥ ስለ ወንጀል አንድም ቃል የለም። እንዲያውም በ1920 ዩጂን ዴብስ የተባለ ሶሻሊስት፣ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ተቃውሞ በመናገሩ ታስሮ ሳለ ከእስር ቤት ሆኖ ተወዳድሮ ከ900 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቷል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ወገን ነው። እኔ ባለሁበት በቨርጂኒያ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ጨርሶ ቢወጣም፣ የግዛቱ ገዥ መብቱን ካልመለሰለት ዕድሜ ልኩን አይመርጥም። ሜይንና ቨርሞንት ውስጥ ደግሞ እስረኛው እዚያው እንደታሰረ ይመርጣል። እንግዲህ እዚህ ለመምረጥ ያልበቃ ሰው ለመመረጥ ይበቃል ማለት ነው። እርስዎ ቢሆኑ "ይሄን ማን ነው ያረቀቀው?" ብለው መነጽርዎን ያወልቁ ነበር።

ሥራዬን ያውቁታል። ችሎት ላይ ቆሜ አስተረጉማለሁ። መሐላ ስላለብኝ የሰው ጉዳይ አልነግርዎትም፤ ለእርስዎም ቢሆን። የአሠራሩን ነገር ግን ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። የችሎቱ በር ክፍት ነው።

ከሁሉ በፊት ያስደነገጠኝ ዋስ ነው። እርስዎ ዘንድ ተከሳሹ "ዋስ ጥራ" ይባላል። አጎቱ ወይም ጎረቤቱ ይመጣል። የደሞዝ ደብዳቤ ወይም የቤት ካርታ ያቀርባል። ሰውየው ቢጠፋ ተጠያቂው ዋሱ ነው፤ ስለዚህ ዋሱ ራሱ ጠባቂ ይሆናል። ማታ ማታ በሩን እያንኳኳ "አለህ?" ይለዋል። እዚህ ዋስ የሚሆንልህ ሰው ሳይሆን ነጋዴ ነው። ዳኛው 10 ሺህ ዶላር ቢል እንበል። ሙሉውን ያስያዘ ሰው፣ ቀጠሮውን ካከበረ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ ይመለስለታል። የሌለው ግን ፈቃድ ያወጣ የዋስ ነጋዴ ዘንድ ይሄዳል። ቢሮአቸው እስር ቤቱ አካባቢ ነው፤ ሌሊትም ይሠራሉ። ከመቶ ዐሥር ያህል፣ ማለትም 1 ሺህ ዶላር ይከፍላል። ያቺ አንድ ሺህ አትመለስም። በነጋታው ነፃ ቢባልም አትመለስም።

ሀብታሙ ገንዘቡን አስይዞ ይወስዳል፣ ድሃው ከፍሎ ይቀራል። ምንም የሌለው ደግሞ እዚያው ይቀመጣል። ይሄን ንግድ የሚፈቅዱት አሜሪካና ፊሊፒንስ ብቻ ናቸው ይባላል። አሜሪካ ውስጥም ሁሉም አልወደዱትም። ኬንታኪ በ1976 አግዳዋለች። ኢሊኖይ ከ2023 ጀምሮ ገንዘብ አስይዞ መፈታት የሚባለውን ነገር ጭራሽ አስቀርታለች። እኛ ካለንበት ድልድዩን ተሻግረው ዋሽንግተን ሲገቡም ገንዘብ በማጣቱ ብቻ የሚታሰር ሰው የለም ማለት ይቻላል። ወንዙን መልሰው ሲሻገሩ ግን ይኸው ነጋዴው።

ካሊፍ ብራውደር የሚባል ልጅ ነበር፣ ኒውዮርክ። በ2010 ዓ.ም. በእነሱ፣ ገና 16 ዓመቱ ነው። ቦርሳ ሰረቅህ ተብሎ ተያዘ። 3 ሺህ ዶላር ይያዝ ተባለ። ቤተሰቡ አጣ። በኋላ ደግሞ ዋስትናውም ተነፈገ። ሦስት ዓመት ያህል ሪከርስ በሚባለው እስር ቤት ቆየ፤ ከዚያ ውስጥ ብዙውን ብቻውን ተዘግቶበት። እመን ትፈታለህ ይሉታል፤ አልሠራሁትም ይላል። ቀጠሮ ይራዘማል። መጨረሻ ላይ ክሱ ተነሣ። አንድ ቀን ክርክር ሳይሰማ፣ አንድ ምስክር ሳይቀርብ ወጣ። በ2015 ራሱን አጠፋ። እርስዎ ይግባኝ ሰሚ ቢሆኑ ስለ ቀጠሮ ማራዘም ምን ይጽፉ እንደነበር አውቃለሁ። እኛም ዘንድ መዝገብ ተመርምሮ ሳያልቅ ዓመት የሚታሰር ሞልቷል፤ ይሄን ሳልል ብቀር ይታዘቡኛል። የእነሱን የሚያስከፋው ግን ዋጋው ተለጥፎበት መሆኑ ነው።

ልጁን "እመን" ያሉት ነገር ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ፊልም ላይ የምናየው ክርክር፣ ጠበቃው ተነሥቶ "ተቃውሞ አለኝ" የሚለው፣ እምብዛም የለም። ጥፋተኛ ከሚባሉት ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት በድርድር ያመኑ ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ "ብትከራከር ዐሥር ዓመት እጠይቅብሃለሁ፣ ብታምን ሁለት" ይላል። ስንቱ ይከራከራል? አንቶኒ ኬኔዲ የተባሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ዳኛ በ2012 በጻፉት ፍርድ፣ የዛሬው የወንጀል ፍትሕ በአብዛኛው የድርድር እንጂ የክርክር ሥርዓት አይደለም ብለዋል። ዳኛው ተከሳሹን ይጠይቃል። ተገድደህ ነው ያመንከው? አይደለም። ቃል የተገባልህ ነገር አለ? የመከራከር መብትህን ትተህ ነው፣ ገብቶሃል? እኔ ቃል በቃል አስተረጉማለሁ። ምክር መስጠት አልችልም፤ ፊቴን እንኳ ማኮሳተር የለብኝም። የእኛ ሰው ደግሞ ዳኛ ፊት ሲቆም "እሺ" ማለት ይቀናዋል። አክብሮት ይመስለዋል።

ለእኛ ሰዎች አደጋው ሌላ ነው። በግሪን ካርድ የሚኖር ሰው "ዛሬ ቤቴ ልግባ" ብሎ ትንሽ የምትመስል ጥፋት ያምናል። ያቺ ጥፋት ከአገር ታስወጣዋለች። ከ2010 ወዲህ ጠበቃው ይሄን አስቀድሞ እንዲነግረው ግዴታ ሆኗል። ፍርዱን ያመጣው ሆሴ ፓዲያ የተባለ ሰው ነው፤ ጠበቃው "አያሳስብህ፣ ብዙ ስለኖርክ ምንም አትሆንም" ብሎት ነበር።

ሁሉን ካጠቆርኩብዎ ግን ዋሽቻለሁ። የሚያስቀናም አለ። ክላረንስ ጊዲዮን የሚባል ምስኪን ነበር፣ ፍሎሪዳ። ቢሊያርድ ቤት ሰብረህ ገባህ ተብሎ፣ "ጠበቃ ይቁምልኝ" ሲል ተከልክሎ አምስት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ቁጭ ብሎ በእርሳስ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታ ጻፈ። በእርሳስ! በ1963 ረታ። ከዚያ ወዲህ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ ሁሉ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። እሱም በጠበቃ እንደገና ሲከራከር ነፃ ወጣ። የመንግሥት ጠበቆቹ መዝገብ በዝቶባቸው ደንበኛቸውን ኮሪደር ላይ ነው የሚያናግሩት። ቢሆንም አሉ።

ጁሪውንም፣ ከተራው ሕዝብ ተጠርተው ጥፋተኛ ወይም ነፃ የሚሉትን፣ ቢያዩት ይወዱት ነበር። አውቶቡስ ነጂ፣ አስተማሪ፣ ጡረተኛ፣ ዐሥራ ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ሁሉም ካልተስማሙ አይፈረድም። እኛ ሽማግሌ የምንመርጠው ስለሚያውቀን ነው። እነሱ ጁሪ የሚመርጡት ስለማያውቃቸው ነው፤ ከሁለቱ ወገን አንዱን የሚያውቅ ሰው ይሰናበታል። የትኛው ይሻላል ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። የመሬት ክርክር ከሆነ ሽማግሌ፣ የእስር ክርክር ከሆነ የማያውቀኝ ሰው ይሻለኛል።

ዳኞቹ ጋ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ይጠብቅዎታል። በብዙ ግዛቶች ዳኛ በሕዝብ ምርጫ ነው የሚቀመጠው። ፖስተር ይለጥፋል፣ ማስታወቂያ ያሠራል፣ ገንዘብ ይሰበስባል። በ2025 ዊስኮንሲን ውስጥ ለአንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር፣ ለዐሥር ዓመት ዘመን፣ ሁለቱ ወገኖች 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሱ። ኢሎን መስክ ብቻውን ከ20 ሚሊዮን በላይ አውጥቷል። እርስዎ ባለጉዳይ ያመጣውን አንድ ኪሎ ቅቤ ከነሰሃኑ የመለሱ ሰው ነዎት። እናቴ ዛሬም ያንን ቅቤ ታነሣለች። መስክ የደገፈው ሰው ግን ተሸነፈ፤ ሱዛን ክሮፈርድ አሸነፉ። ገንዘብ ሁልጊዜ አይረታም። ያሸነፉትም ወገን ብዙ ሚሊዮን ማውጣቱ ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ።

የፌዴራሎቹ ዳኞች ግን ይሾማሉ፤ ከተሾሙ ዕድሜ ልክ ነው። በ1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለምርመራ የተፈለገ፣ ቢሮአቸው ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ አላስረክብም ሲሉ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስምንት ዳኞች በአንድ ድምፅ "ያስረክቡ" አሉ። ከስምንቱ ሦስቱን የሾሟቸው ራሳቸው ኒክሰን ናቸው። አስረከቡ፤ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜም ሥልጣን ለቀቁ። ያንን ዓመት እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ያኔ ደሴ ፍርድ ቤት ወጣት ጸሐፊ ነበሩ። ተተኪው ፎርድ ኒክሰንን ምሕረት ያደረጉላቸው በእኛ ጳጉሜ 3 ቀን 1966 ነው። በአራተኛው ቀን መስከረም 2 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ደግሞ ስልሳ ያህል ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የእነሱ ሰዎች "ኒክሰን ሳይከሰሱ አመለጡ፣ ፍትሕ ተጓደለ" ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ልክ ናቸው፣ ተጓድሏል። እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ጸጸት ያለው አገር ያስቀናኛል።

ፖለቲካቸውን በአጭሩ ልለፈው። ዋዮሚንግ የምትባል ግዛት ከ600 ሺህ ያነሰ ሰው ይዛ ሁለት ሴናተር አላት። ካሊፎርኒያ 39 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዛ ሁለት። ብዙውን ሕግ ለማሳለፍ ደግሞ ከመቶው ሴናተር 60 ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ነገር ተንጠልጥሎ ይቀራል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ደሞዝ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። ግዛቶቹ ራሳቸው ባይጨምሩ ኖሮ በዚያ ማንም ቤት አይከራይም። ዋና ከተማቸው ውስጥ 700 ሺህ ገደማ ሰው ይኖራል፤ በምክር ቤቱ አንድም ድምፅ ያለው ተወካይ የለውም። ታርጋቸው ላይ "ያለ ውክልና ግብር ይብቃ" ብለው ጽፈው ይነዳሉ። ታክሲ የሚነዳው የእኛ ሰው ጭምር።

ኑሮውም እንደ ፍርድ ቤቱ ዋስ ይጠይቃል። የማን ልጅ እንደሆንክ የሚጠይቅህ የለም። ከ300 እስከ 850 የሚሄድ ቁጥር አለ፣ ክሬዲት ይሉታል። ቤት ስትከራይ፣ መኪና ስትገዛ እሱን ያያሉ። እርስዎ "ዕዳ የሌለበት ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል" ብለው ነው ያሳደጉን። እዚህ ተበድሮ የማያውቅ ሰው ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለው አይታመንም። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ አንድ አከራይ በዚሁ መለሰኝ። ሥራ አለኝ፣ ዕዳ የለብኝም ስለው "ችግሩም እሱ ነው" አለኝ። እንግዲህ ተበድሬ፣ በሰዓቱ እየከፈልኩ፣ ሰው ሆንኩ።

ሕክምናውንም ጠይቀውኝ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ገንዘብ የለህም ብሎ ሊመልስህ አይችልም፤ ከ1986 ጀምሮ ሕግ ነው። ሂሳቡ ግን ይከተልሃል። ትልቁ ልጅ ክንዱ የተሰበረ ጊዜ ከኢንሹራንሱ የተረፈው ዕዳ በፖስታ መጣ። ደውዬ "በዛብኝ" ስላቸው ቀነሱ። ደግሜ ስደውል እንደገና ቀነሱ። መርካቶ ያለሁ ነው የመሰለኝ።

የመጨረሻው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወደ ውጭ በሚላከው ላይ ከመቶ አንድ ግብር ተጥሏል። ከባንክ ሂሳብ በሚላከው ላይ የለም። ስለዚህ እንደ በፊቱ ሱቁ ጋ ጥሬ ገንዘብ ይዤ መሄዴን ትቻለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ከሂሳቤ በቀጥታ ወደ ደብተርዎ ነው የምልከው። ባለፈው የአያቴ ስም በእንግሊዝኛው ፊደል ስላልገጠመ ተመልሶብኛል። እባክዎ ጎረቤት ያለው ልጅ ደብተርዎ ላይ ያለውን ስም ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ፤ እርስዎም ስለ ዊስኮንሲኑ ወንበር የሚሉትን በድምፅ ያስቀርጹልኝ። ለእናቴ እጅ ነሥቻለሁ።

አክባሪ ልጅዎ፣
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ